ግጥም የማይል በር

ሚስቴ ናኑሊ ደብተሯን ለሁለት ሰነጠቀች፣
በግራ «ኪራይ»፣ በቀኝ «ግዢ» ብላ ጻፈች።
በግራው በኩል አሥራ አንድ ዓመት ተደርድሯል፣
ሦስት መቶ ሃያ ዩሮ በየወሩ ጠብ ብሏል፣
ላንዲት ክፍል፣ ከአስፋልቱ ሥር ለተቀበረች፣
መስኮቷ ከሰው ፊት ይልቅ ጫማ ለለመደች።
ሰውን በተሰሎንቄ የማውቀው በተረከዙ፣
ፖስተኛውን በማንከሱ፣ ቄሱን እግሩ በመፍዘዙ።

አሁን ኪራዩ ሊጨምር ነው፤ አከራያችን ሳኪስ
ሳይቀመጥ፣ ሻይ ሳይጠጣ፣ ቆሞ ነገረን እንደ ፖሊስ፦
«ቱሪስት በሌሊት የሚከፍለኝን በሳምንት ትከፍላላችሁ፤
እኔ አልጨከንኩም፣ ዓለም ነው የጨከነባችሁ።»

ባንክ ቤት ደግሞ ስማችን ለፎርሙ ረዘመ፤
ጸሐፊዋ ሦስቴ ሰረዘችው፣ ብድሩም እዚያው ደከመ።
ያለን ሠላሳ አንድ ሺህ፤ የናኑሊ እጅ ነው ያጠራቀመው፣
የሰው እናት ሲያጥብ፣ የሰው አባት ሌሊት ሲያስታምመው።

ሰባት ቤት አየን፣ ሰባት እሑድ ሙሉ፣
ሰባቱም በደላላው አፍ «ዕድል» እየተባሉ።
አንዱ ሊፍት የለው፤ አንዱ የአምስት ወንድማማች፣
ሊሸጡት ተስማምተው ነበር፣ ያኳረፋቸው አንድ አማች።
ሰባተኛው ግን ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣
ሠላሳ ስምንት ሺህ፤ ናኑሊ በዓይኗ ገባች፣ እኔ በእግሬ ሳልገባ።
ፀሐይ አለው። በረንዳ አለው። ባሕሩም በጎን ይታያል፣
አንገት ለሚያጣምም ሰው ስስታም ሰማያዊ ያሳያል።

እኔ ለሳኝ ነኝ። ሰው ሰላምታ ሲሰጥ ግድግዳ እነካለሁ፣
በጣቴ አንጓ ቆርቆር አድርጌ የውስጡን እሰማለሁ።
ግድግዳ አይዋሽም፤ የሚዋሸው ቀለም፣
የዚህኛው ገና ሦስት ቀኑ፣ ሽታው እንኳ አልደረቀም።
ከኋላው ውሃ አለ፤ ሳንኳኳው «ድብ» አለኝ እንደ ታማሚ ደረት፣
ከጣራው ጀምሮ የወረደ የሃያ ክረምት እርጥበት።

በሩን ገፋሁት። ተመለሰ። ደግሜ ገፋሁት። ተመለሰ።
ግጥም አይልም። ቤቱ ወደ ጣቢያው ወገቡን ቀለሰ።
የደላላው የስቴልዮስ ወሬ ሁሉ ቤት ይመታል፣
በሩ ግን ግጥም አይልም፤ ነፋሱን ምን ይገታል?
ከታች ፎቅ ኤቫንቲያ የምትባል አሮጊት ሽቅብ አንጋጠጠች፣
«ባልዲ አላችሁ?» ብላ ጠየቀች፤ ደላላውን ስታይ በሯን ዘጋች።

ናኑሊ እንዲህ አለች፦ «ለሳኪስ አርባ ሁለት ሺህ አፈሰስን፣
ይህን ገዝተን፣ በትርፉ ጣራ ባለበስን።
አሥራ አንድ ዓመት በወንፊት ቀዳን፤ እስቲ ጋን አሳየኝ፤
በስልሳ ዓመቴ የማን ደጃፍ ነው ውጪ የማይለኝ?»

«ተከራይ ሲያፈስበት ይጮኻል፣» አልኳት፣ «ባለቤት ሲያፈስበት ይከፍላል፤
ገዛን ትያለሽ፤ ይህ ጣራ ግን በየክረምቱ ያስገብራል፤
ማን ገዢ፣ ማን ተገዢ እንደሆነ ኅዳር ሲገባ ይለያል።»
ዝም አለች። እኔም አፈርኩ። ትክክል መሆን አንዳንዴ
ሰውን ከበረንዳው ማውረድ ነው።

ወደ ደላላው ዞርኩ፦ «አንድ ክረምት አከራየን፤ ጣራውን በእጄ ልድፈነው፣
ከዘነበ በኋላ እንነጋገር፤ ዳኛው ዝናቡ ነው።»
ሳቀ፤ ሳቁ ሳያልቅ ግን ስልኩን አነሳ፣
ደረጃውን ሲወርድ እሰማለሁ፣ የባለቤቱ ድምፅ ከወዲያ ሲያገሳ።

ናኑሊ በረንዳው ላይ ናት፤ አንገቷን ወደ ባሕሩ ጠምዝዛለች፣
በኪራይና በግዢ መሃል ሦስተኛ መስመር አስምራለች።
ርዕስ የለውም።
ከግራው ገጽ ቁራጭ ቀድዳ፣ አራት ቦታ አጥፋ ሰጠችኝ፣
ምንም አላለችኝ።
ከበሩ ሥር ወሸቅኩት። ገፋሁ።
ግጥም አለ።
ለዛሬ።